ባለ ሦስት ጓጉንቸር ሳጥን

ቁልፍ ሠሪው ሰው አያምንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ለጠፋበት ሁሉ በር ሲከፍት ኖሮ፣ በሽቦ የማይከፈት ጓጉንቸር እንደሌለ እያወቀ፣ ምን ብሎ ይመን? የራሱ ደጅ ላይ ሦስት አንጠልጥሏል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር» ማለት ስለሚወድ ጎረቤቶቹ አባ ስንጥር ብለው ሰይመውታል።

ይህን ሰው ከቤቱ ያስወጣችው ያላያት የልጅ ልጁ ናት። ልጁ ሌላ ከተማ ወልዳ «አባዬ፣ ኢንተርኔት ካስገባህ እሑድ እሑድ በስልክ ታያታለህ» ብላዋለች። ግቢው ግን በሁለት ፎቆች መሃል የተወሸቀ ስለሆነ ተራ ስልክ እንኳ በግድ ነው የሚሰማበት። የስልክ መሥሪያ ቤቱ አራት ጊዜ አመላለሰው። በመጨረሻ ጸሐፊዋ «የግቢው ስድስት ቤቶች ከፈረሙ አንድ መስመር እንዘረጋላችኋለን» አለችው። ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ ምን ሊያስፈርሙኝ ነው?» ብላ የወረቀቱን ጀርባ ሳይቀር ገልብጣ አየች። ሬዲዮ ጠጋኙ ሁለት ሳምንት አስለመነው። እሱ ግን በየማለዳው በራቸውን እያንኳኳ፣ እየተቆጣም እየለመነም አስፈረማቸው።

መስመሩ ገባ። ኢንተርኔቱን ለስድስቱም ቤት ታዳርሳለች የተባለችው ትንሿ ዕቃ እሱ ቤት ተተከለች። ሠራተኞቹ እንደወጡ፣ የሚሰርቃት አይጠፋም ብሎ ከወፍራም ላሜራ ሳጥን ሠራላት። ለሽቦ ብቻ ቀዳዳ ተወና ሦስት ጓጉንቸር ጣለባት።

እሑድ ጠዋት፣ ልጁ ልትደውል ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ስልኩ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል እንጂ ምንም የለም። የልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሄዶ ቆመ።

«ለኔ ሳይተርፍ ሙጥጥ አድርገሽ ተጠቀምሽው አይደል?»

«እኔ? ከገባ ጀምሮ ጠብ አላለልኝም። እንዲያውም ጋሼ ናቸው ያጠፉብን እየተባለ ነው።»

ክርክሩን ሰምቶ የመጣው ሬዲዮ ጠጋኝ ቁልፍ ሠሪው ቤት ገብቶ ሳጥኑን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ በአየር ነው የሚሄደው። ብረት ውስጥ ከርችመህ በየት በኩል ይውጣ?»

ይህም ሳጥኑን ለማስከፈት የተጠነሰሰ ሴራ መሰለው። ቢሆንም የቀረችው አምስት ደቂቃ ናት። አንዱን ከፈተ፣ ሁለተኛውን ከፈተ። የሦስተኛውን መክፈቻ ግን ከሰው ሲደብቅ ከራሱም ደብቆታል። ጎረቤቱ ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። እነሱ ፊት በሽቦ መክፈት ማለት የራሱ ደጅ እንዴት እንደሚከፈት ማስተማር ነው። ሽቦውን አወጣ፤ ሁለቴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ላይ። ጓጉንቸሩ ጠቅ አለ።

ልጁ ደወለች። ሕፃኗ ጥርስ በሌለው ድዷ ስትስቅለት ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነና አለቀሰ። ልብስ ሰፊዋም አብራው አለቀሰች። ሬዲዮ ጠጋኙ «ቁርጥ አንተን ናት፤ እንዴት በጥርጣሬ እንደምታየን ተመልከት» አለ።

«አባዬ፣ ከኋላህ ያሉት እነማን ናቸው?» አለች ልጁ።

ዞሮ እንደ ልማዱ አንድ በአንድ አያቸው።

«የኛ ሰዎች ናቸው» አላት።

የሦስተኛው ጓጉንቸር መክፈቻ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እሱም ፈልጎት አያውቅም።