የስምንት ሳምንት የልብ ምት

እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፏ አይጠፋም ነበር። አባቴ በጤና ሙያ ተመድቦ ከደጋ ወደ ጋምቤላ ሲመጣ እኔ ገና አልተራመድኩም። እዚሁ አድጌ፣ እዚሁ ተምሬ ኮሌጅ ስገባም የምጠረጥረው ሰው አላጣሁም። ባለሱቁን በሚዛኑ፣ የባጃጅ ሹፌሩን በመልሱ እጠረጥራለሁ። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ሲደርሰኝ ደግሞ ደልዳዮቹን ጠረጠርኩ፤ ሩጫ እንደማልወድ እያወቁ ሆን ብለው ያደረጉት መሰለኝ።

በመጨረሻው ዓመት ስለ አሠለጣጠን የምታስተምረን ቲቸር ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረችንና ዕጣ አስወጣችን። አንዱ አሠልጣኝ፣ ሌላው ሠልጣኝ። አሠልጣኙ የስምንት ሳምንት የሩጫ ዕቅድ ያወጣል፤ ሠልጣኙ ይሮጣል። በየሳምንቱ ሰኞ ሠልጣኙ አረፍ ብሎ ተቀምጦ የልብ ምቱ ይቆጠራል። ሰው በደንብ ሲሠለጥን ልቡ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ቁጥሩ ከወረደ ሁለቱም ያልፋሉ። ካልወረደ ጥፋቱ የዕቅዱ ከሆነ አሠልጣኙ ይወድቃል፤ ሠልጣኙ ሳይሮጥ ቀርቶ ከሆነ ግን እሱ ኮርሱን ይደግማል።

ዕጣው አሠልጣኝ አደረገኝ። ሠልጣኜ የአቦቦ ሰው ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ከተማ ውስጥ አክስቱ ቤት ይኖራል፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ይዘምራል። እዚያው አቦቦ፣ ከአልዌሮ ግድብ ብዙ የማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ቦታ ይዞለት ነበር። ዳይሬክተሩ «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እንጠብቅሃለን፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» ብለውታል። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔ ደግሞ የቸኮለ ሰው የማያደርገው ነገር እንደሌለ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ሰኞ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አስቀመጥኩትና የእጁን አንጓ ያዝኩ። ቲቸር በሌባ ጣትና በመሐል ጣት እንድንቆጥር አሳይታናለች። በሁለቱ ጣቶቼ ብፈልግ ብፈልግ ግን የሚሰማኝ ድክም ያለ ነገር ነው። አውራ ጣቴን ስጭንበት ወዲያው ጥርት ብሎ መታ። የራሴን ዘዴ አገኘሁ ብዬ ኮራሁ። በስልኬ ደቂቃ ይዤ ቆጠርኩ፤ ሰማንያ አራት።

በሁለተኛው ሳምንት ሰማንያ አምስት ሆነ። በሦስተኛው ሰማንያ ሰባት። ሁለት ሳምንት የሮጠ ሰው ልብ እንዴት ሽቅብ ይወጣል? ነገር አለ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ማየት ጀመርኩ። ጠዋት ክፍል ሲገባ ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ላብ የለ፣ ድካም የለ። ጋምቤላ ላይ ቆሞ የዋለ ሰው እንኳ ጀርባው ይረጥባል። ይኼ ሮጦ መጥቶ እንዴት ይደርቃል?

«ትሮጣለህ ግን?» አልኩት አንድ ቀን።

«እሮጣለሁ ወንድሜ። በየቀኑ። ባሮ ድልድይ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። አንተ ና፣ አብረን እንሩጥ።»

ይህን ያለኝ እንደማልሄድ ስለሚያውቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። «ጨፍኑ ላሞኛችሁ» ማለት ይኼ ነው። በማግስቱ ዕቅዴ ላይ በጻፍኩት ሰዓት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ተገኘሁ። ፀሐይዋ ገና ብቅ ብላ ፊቴን ትጠብሰኝ ጀመር። ሴቶች ዕቃ ተሸክመው አለፉ፤ ባጃጆች አለፉ፤ የሮጠ ሰው ግን አላለፈም። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር «ሰው ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ስለ አንድ ረጅም ሯጭ ጠየቅሁት። «በዚህ ሰዓት ማን ይሮጣል?» ብሎ ሳቀብኝ። ለእኔ በቂ ማስረጃ ነበር።

እሱን ግን አልጠየቅሁትም። ቢዋሸኝስ?

ይባስ ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ማስታወሻ ልዋሰው ብዬ አክስቱ ቤት ሄድኩ። እሱ ደብተሩን ሊያመጣ ሲገባ በር ላይ የተቀመጠውን ጫማውን ገልብጬ ሶሉን አየሁ። አፈር የሚባል የለበትም። አክስቱ ከውስጥ ያዩኝ ይመስለኛል፤ ያም ሆኖ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥተው ሰጡኝ። ዛሬ ያን ውሃ ሳስታውስ አፍራለሁ። ያኔ ግን ውሃውንም ጠርጥሬዋለሁ።

በስምንተኛው ሳምንት ዘጠና አንድ ቆጠርኩና ሪፖርቴን ጻፍኩ። ዕቅዱ ትክክል መሆኑን፣ ሠልጣኙ ግን እንዳልሮጠ፣ ድልድይ ላይ ሦስት ቀን ጠብቄ እንዳጣሁት፣ ጫማውም ንጹሕ እንደነበር በዝርዝር አሰፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ስጽፍ ደስ ብሎኛል። እሱ ከወደቀ እኔ አልፋለሁና።

ቲቸር ሁለታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። ሪፖርቱን ጮክ ብላ አነበበችው። እሱ ጫማው ጋ ስትደርስ ብቻ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው የምትሮጠው?» አለችው።

«ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ፀሐይ ከወጣች እዚህ አይሮጥም። እሱ ድልድይ ሲመጣ እኔ ታጥቤ ቁርስ እየበላሁ ነው።»

«ጫማውስ?»

«አንድ ነው ያለኝ። ቤተ ክርስቲያንም የምሄደው በሱ ነው። አጥበዋለሁ።»

እጁን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ያዘችና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ቆጠረች። «ሃምሳ ስድስት» አለች። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሳትሳሳት አትቀርም ብዬ በሆዴ እሷንም ጠረጠርኳት።

«እስቲ አንተ ቁጠርና አሳየኝ» አለችኝ። ቀረብ ብዬ አንጓውን ያዝኩ፤ አውራ ጣቴን ጫንኩ። ሦስት አራት ጊዜ እንደመታ እጄን አነሳችው።

«አውራ ጣት የራሱ ምት አለው። ስምንት ሳምንት ሙሉ የራስህን ልብ ነው የቆጠርከው» አለች። ከዚያ የእኔን አንጓ ይዛ ቆጠረችና «ዘጠና አራት። አንተ ሳትሮጥ ልብህ ሮጧል» አለችኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በየሰኞው እሱን እያየሁ፣ ሲዋሸኝ እየታየኝ የተናደድኩት ንዴት ሁሉ በእሱ ስም ተመዝግቦ ኖሯል።

«እንግዲያው እሱ አልፏል አይደል?» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ቲቸር አላለፈም በሚል ራሷን ነቀነቀች። የዛሬው ሃምሳ ስድስት ብቻውን ምንም አይናገርም። ሲጀምር ስልሳ ይሁን ሰባ አምስት፣ በሥልጠና ይውረድ ወይም ሲፈጥረው እንዲሁ ይሁን ማወቅ አይቻልም። ያን የሚነግረን የመጀመሪያው ሰኞ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኔ ልብ ምት ነው። ሌላ መንገድ እንደሌለ፣ ልቡ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ሥልጠናው ለጥቂት ሳምንት ተቋርጦ ከመነሻው መለካትና ስምንት ሳምንቱ እንደገና መሮጥ እንዳለበት ነገረችን። ሴሚስተሩ ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል።

«አሠልጣኝ ልቀይርልህ?» አለችው።

አሰብ አደረገ። «አልቀይርም» አለ። «አሁን መቁጠር ተምሯል።»

ከቢሮው ወጥተን በረንዳው ላይ ቆምን። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ወደ አቦቦ እንደሆነ ከንግግሩ አወቅሁ።

«ዳይሬክተር፣ እኔ ነኝ። ትምህርቱ አላለቀም። በዚህ ሴሚስተር አይደርስም። ሌላ ሰው ቅጠሩ።»

ከወዲያ ብዙ ተናገሩት። ምክንያቱን እየጠየቁት እንደሆነ ገባኝ። ዞሮ አየኝ።

«ታምሜ ነበር» አላቸው።

ከእሱ አፍ የሰማሁት ውሸት ያ ብቻ ነው። እሱንም የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው።