ልጄን ጣይልኝ

ነፋስ መውጫ ላይ መምህርት ሐረገ ወይንን የማያውቅ ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም «ሚዛኗ» ነው፤ ሊያሞግሷት ብለው እንዳይመስላችሁ፣ ተናደው ነው። ግማሽ ማርክ ጎድሎት የወደቀ ልጅ ደጇ ቆሞ ቢያለቅስ፣ አባቱ ሽማግሌ ቢልክ፣ እናቱ በነጠላዋ ሥር በጣሳ ማር ደብቃ ብትመጣ፣ ሴትዮዋ ፍንክች አትልም። ማሩን ትመልሳለች፣ ልጁን «ነገ ና፣ የተሳሳትከውን ላስረዳህ» ትለዋለች፣ ማርኩ ግን ባለበት ይቆያል።

ይህን ግትርነት ያወረሷት አባቷ ናቸው። የኔታ ተክለ ማርያም በቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። ከእግራቸው ሥር የተቀመጠ ተማሪ አንዲት ምልክት ከዘለለባቸው «ተመለስ» ይሉታል፤ ተመለስ ማለት ደግሞ ከመጀመሪያው ነው። አማላጅ ቢመጣ መልሳቸው አንድ ነበር። «ያላወቀውን ዐወቀ ብዬ ብሸኘው፣ የሚሄድበትን ደብር ነው ያታለልኩት።» ሐረገ ወይን ይህን እየሰማች አደገች። ድጓው ለሴት ልጅ አልተፈቀደምና እሷ በእንግሊዝኛው ተወጣችው።

ያን ሰሞን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል፤ ከተማው ጠዋት ተነሥቶ ጆሮውን አቁሞ ተኩስ ያዳምጣል፣ ጸጥ ካለ ይወጣል፣ ካላለ በሩን ዘግቶ ይውላል። ተማሪው ተበትኗል። ሐረገ ወይን የድሮ ፈተናዎችን ከሣጥን እያወጣች፣ ዱሮ ያረመችውን እንደገና ታርማለች። ደመወዝ ቢጠፋ ሰው እንደምንም ይኖራል፤ እሷን የጎዳት የሚፈተን ሰው ማጣቷ ነው።

ኢዮብ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ ጎበዝም ሰነፍም ያልነበረ፣ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይታይ የጨረሰ ልጅ። አሁን ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይገባል። አስፋልቱ ዳር ካለ ሆቴል ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ «የቋንቋ ማዕከል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ጉዳዩን ነገራት። ታይላንድ ያለ ድርጅት ወጣቶች ይፈልጋል። ሥራው በኮምፒውተር ደንበኛ ማነጋገር ነው። ፓስፖርቱንም አውሮፕላኑንም ድርጅቱ ይችላል፤ ከነሱ የሚጠበቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

«ፈተና ያውጡልኝ፤ ቃላትና ሰዋስው፣ መካከለኛ ደረጃ» አላት። «እንደ እርስዎ አድርጎ የሚያወጣው የለም፣ ቲቸር።»

ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ለምን ይደበቃል? «እንግዲህ ከፍ ያለ ያመጣውን ትወስዳላችኋ» አለችው።

«የለም» አለ ፈገግ ብሎ። «ዝቅ ያለውም ከፍ ያለውም ይቅር። መሀለኞቹን ነው የምንፈልግ። በጣም የሚችሉት ጥያቄ ያበዛሉ፣ አይመቹንም።»

ነገሩ ሻከራት፤ ግን ልቧ አስቀድሞ እሺ ብሎ ነበር። ሌሊቱን ሳይቀር አስባበት ጥያቄዎቹን አዘጋጅታ ይዛለት ሄደች። ትክክለኛውን ግስ የሚያስመርጡ ነበሩ፣ ጎደሎ ዐረፍተ ነገር የሚያስሞሉ ነበሩ። በሷ ፈተና ውስጥ ገበሬ ድንቹን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፣ የባጃጅ ሾፌር በዝናብ ምክንያት ይዘገያል፣ እህትማማቾች በእንስራ ይጣላሉ። ኢዮብ ቁጭ ብሎ አነበበና እስክሪብቶ አወጣ። ገበሬውን ሰረዘው፤ በቦታው ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷን እንድትሸጥ አደረገ። ሾፌሩንም ሰረዘውና ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ መልእክት እንዲጠብቅ አደረገ። ከቃላቱ «ማጭድ»ና «ድልድይ» ወጡ፤ «ብቸኝነት»፣ «ውርስ»፣ «መተማመን» ገቡ።

«ምነው ለቅሶ ቤት አስመሰልከው?» አለችው።

«ደንበኞቻችን እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ቲቸር።»

«የመድን ሥራ ነው?»

«የዚያ ዓይነት» አለ ቀና ሳይል።

ብርድ ብርድ አላት። መስኮቱ ክፍት ስለነበር በነፋሱ አሳበበች፤ የነፋስ መውጫ ነፋስ ለማሳበቢያ ጠፍቶ አያውቅም።

የፈተናው ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ከተፈታኞቹ አንዷ ሀናን ነበረች። ሀናን የፋጤ ልጅ ናት፤ ፋጤ ደግሞ ከሐረገ ወይን ደጅ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤት። የሁለቱ ሴቶች ጉርብትና እንደዋዛ የሚወራ አይደለም። ዒድ ሲሆን ፋጤ፣ ፋሲካ ሲሆን ሐረገ ወይን፣ አንዷ ለሌላዋ ዶሮ ከነነፍሱ ትልካለች፤ የተላከላት በራሷ ሥርዓት አሳርዳ ትበላለች። የፋጤ ባል ዑስማን የሞተ ጊዜ ለቅሶተኛውን ያስተናገደች ሐረገ ወይን ናት። ሀናንን ፊደል ያስቆጠረቻትም፣ እንግሊዝኛ ያስያዘቻትም እሷው ናት። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ጀምራ መንገድ ሲዘጋ ቤት ቀርታለች፤ ቀን ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ትውላለች።

ከፈተናው ማግስት ፋጤ ሱቋን በቀን ዘግታ መጣች። ከዚያ በፊት ሱቅ በቀን የዘጋችው ዑስማን የሞተ ለት ብቻ ነበር። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም።

«ሐረግ፣ የሀናንን አረምሽው?»

«ገና ነኝ። አትስጊ፣ መቼም አትወድቅም።»

«ጣይልኝ» አለች ፋጤ።

ሐረገ ወይን የሰማችውን ተጠራጠረች። በዚያ በር የገባች እናት ሁሉ «አሳልፊልኝ» ብላ ነበር የምትገባው። ጣይልኝ ያለች ፋጤ የመጀመሪያዋ ናት።

«ልጄን ጣይልኝ። ካለፍኩ እሄዳለሁ፣ ከወደቅኩ ሱቁን ይዤ እቀመጣለሁ ብላ በአባቷ ምላልኛለች። ይህ ሰውዬ እስክትደርሱ ለዘመድ እንዳትናገሩ ብሏቸዋል። ደግ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ምን ያስደብቀዋል? ሐረግ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ።»

«ፋጤ፣ ያላጠፋችውን አጠፋሽ ልበላት?»

«በይያ! ምናለበት አንድ ቀን ብትይ!»

ሐረገ ወይን የወረቀቱን ክምር ወደ ራሷ ሳበች። ፋጤ ትንሽ ቆማ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የሀናን ወረቀት ተራው ደረሰ። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው ይንገጫገጫል። ሐረገ ወይን አረመችው፣ ደመረችው፤ ውጤቱ ልክ ኢዮብ ከሚፈልገው መሀል ላይ አረፈ። ጥቂት ብትቀንስባት ልጅቱ ትወድቃለች፤ ጥቂት ብትጨምርላት ከፍ ብላ ትቀራለች። በሁለቱም በኩል መዳኛ ነበራት። ቀይ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ኢዮብ የሰረዘው ገበሬ፣ በቦታው ያስገባት መበለት ዓይኗ ላይ ነበሩ። ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም አለች ለራሷ። የአባቷም ድምፅ መጣባት፦ የሚሄድበትን ደብር ነው ያታለልኩት። እስክሪብቶውን ከደነችው፤ ውጤቱ ባለበት ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ያሸነፋት ሐቀኝነት ብቻ አይደለም፤ ኩራትም አለበት። የኔታ ደግሞ ተማሪያቸው የሚሄድበትን ደብር ያውቁት ነበር። እሷ ሀናን የምትሄድበትን አታውቅም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከሁሉ በላይ ያመጣችው ቤቲ የምትባል ልጅ «ከፍተኛ ስለሆንሽ አትሆኚም» ተብላ ስታለቅስ ዋለች። ሀናንና ጓደኛዋ ራሂማ ግን አለፉ። የሚሄዱ ቀን ሚኒባሱ ጋ ሐረገ ወይን ሸኘቻቸው። ሀናን አቅፋት «የእርስዎ ማርክ ስለሆነ ነው የኮራሁበት፣ ቲቸር» አለቻት። ፋጤ ከመኪናው ወዲያ ቆማ ነበር፤ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጎረቤቷ ከሩቅ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች እንጂ ሐረግ ብላ አልጠራቻትም። «መምህርት» ነው የምትላት። የዚያ ዓመት ዒድ ዶሮ አልመጣም።

ኢዮብም ብዙ አልቆየ። ከሆቴሉ በር ላይ ወረቀቱ ተነሣ፤ ስልኩም ዝም አለ። ከሀናን አንድ ጊዜ «ደርሻለሁ» የሚል ቃል መጣ፤ ከዚያ ምንም። ሐረገ ወይን ስልኳን እንደ ሕመምተኛ ልጅ በየሰዓቱ ታያለች። ኔትወርክ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ልቧ ይዘላል።

የድምፅ መልእክቱ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጠዋት ነው። የሀናን ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው የተጣደፈ።

«ቲቸር፣ ለእማዬ ደህና ናት ብቻ ይበሉልኝ። እዚህ ያመጡን ታይላንድ አይደለም፤ ድንበር አሻግረው ነው፣ ግቢው አጥር አለው። ሥራው ሰው ማታለል ነው። በጽሑፍ ብቸኛ ሰዎችን እናናግራለን፣ ሲያምኑን ገንዘብ እንዲልኩ እናደርጋለን። ካላመኑን ወደቃችሁ ይሉናል። ለወደቀ ሰው ከታች ክፍል አለ። ራሂማ ከዚያ ወጥታ እጇን አታነሣውም። ቲቸር፣ ቃላት አለቁብኝ። ለብቸኞቹ የምጽፈው የማጽናኛ ቃላት ይላኩልኝ።»

ሐረገ ወይን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መዋሸት አማራት። ደህና ናት ብላ ልትነግር የፋጤ ሱቅ ደጃፍ ደረሰች፤ አልቻለችበትም። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ፋጤ እስከ መጨረሻው ሰማች፣ እጇ የያዘችው ጨርቅ ላይ ቀረ። «ድገሚው» አለች። ደገመችላት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ያልረገጡት ቢሮ የለም። የሄዱበት ሁሉ የልጅቱን ስም ጽፎ «እናሳውቃችኋለን» አላቸው። ሐረገ ወይን ቃላት አልላከችም። መላክ ማለት የማታውቀውን ሰው ቤት ማፍረስ እንደሆነ ገብቷታል፤ አለመላክም ምን እንደሆነ ገብቷታል። ያን ሁሉ ዓመት ጥያቄ ስታወጣ ለሁሉም ትክክለኛ መልስ ነበረው።

ሁለተኛው ድምፅ አጭር ነበር። «ቲቸር፣ ዛሬ ማታ ነው የሚፈትኑኝ። አሮጊት ናት፣ ባሏ በቅርብ ነው የሞተው። ሌሎቹ ሞክረዋት እንቢ ብላለች። እሷን መልሳ እንድታናግረኝ ካላደረግኩ ወደ ታች ነው የምወርደው።» ከበስተኋላው በር ሲከፈት ተሰማ፣ ድምፁ ተቋረጠ።

ሐረገ ወይን ወደ ሱቁ ገብታ ከፋጤ አጠገብ ተቀመጠች። ውጭ ባጃጆች ያልፋሉ።

«ምን ብዬ ልጻፍላት?» አለች ሐረገ ወይን። «እንዲህ ያለ ነገር አስተምሬ አላውቅም።»

ፋጤ የጣቷን ቀለበት ስታሽከረክር ቆይታ ተናገረች። «ዑስማን የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ሶብሪ፣ ቻይው አለኝ። አንቺም ብለሽኛል። አላጽናናኝም። ከሣምንት በኋላ አንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ መጥቶ፣ ዑስማን ምን መብላት ይወድ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ያን ለት ነው አፌ የተፈታ። ስለሱ አወራሁ፣ አወራሁ፣ እስኪመሽ አወራሁ። ያ ሰው ያን ለት ሱቅሽን ስጪኝ ቢለኝ ቁልፉን እሰጠው ነበር።»

ሐረገ ወይን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ኧረ ፋጤ፣ ያቺም ሴትዮ እንዳንቺው ናት።»

«አውቃለሁ» አለች ፋጤ። «ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ጻፊላት።» ከዚያ፣ ልጇ ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዱሮ ስሟ ጠራቻት። «ሐረግ፣ በአላህ፣ ልጄን አሳልፊልኝ።»

ሐረገ ወይን ስልኩን አንሥታ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጻፈችው፦ ባልሽ ምን መብላት ይወድ ነበር? ቀላል ዐረፍተ ነገር ነው፤ መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ተማሪ አይስተውም። ስሕተት እንዳይኖርበት እንደገና አነበበችውና ላከችው።