የሐሙስ ቁራጭ

ኡሙሰልማን በቅጡ የማያውቅ ሰው ስለ እሷ ክፉ ሲያወራ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ስጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ እሷ የዚያው ግቢ አትክልተኛ ናት። ስለዚህ የሆነውን ከእኔ ስሙት።

የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት። ባሏ ሲሞትባት ደሴ ገብታ ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረች። አፈር ስትሞላና ችግኝ ስታዛውር ብዙ ዓመት ከቆየች በኋላ ወደ እኛ መጣች። ዝምተኛ ስለሆነች ከሰው ይልቅ ከቅጠል ጋር ማውራት ይቀናሻል እያልኩ አበሽቃታለሁ። “ጋሽ መኳንንት፣ ቅጠል እንደ እርስዎ አይነዘንዝም” ትለኛለች። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሷ ሙስሊም። በረመዳን ምሳዬን ከጥበቃ ቤቱ ኋላ ተደብቄ ስበላ ካየችኝ እስኪበቃት ትስቅብኛለች።

በሩ ፊት ለፊት ያለችውን ወይራ የተከለቻት እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ጉልበቴን አትደርስም ነበር፤ ዘንድሮ ቁመቷ ከእኔ በለጠ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ የቆዩ ወይራዎች አሉ። ኡሙሰልማ ሐሙስ ሐሙስ ከእነሱ ላይ የከረከመችውን አትጥለውም። ቀጫጭኑን መርጣ በቃጫ ታስርና በሩ ሥር ታኖረዋለች። መስጊድ በር ላይ መፋቂያ የምትሸጠው ሳሊሃ አመሻሽ ላይ መጥታ ትወስደዋለች፣ አርብ ለጁምዓ ሰጋጅ ትሸጠዋለች። ሳሊሃ ሌላ ገቢ የላትም። ኡሙሰልማ ይህን ሰደቃዬ ነው ትላለች፣ አንድም ሐሙስ አስታጉላ አታውቅም።

ዘንድሮ ትንሿን ወይራ ተባይ ያዛት። ምስር የሚያካክሉ ቡናማ ነገሮች ቅርንጫፏ ላይ ተጣብቀው ዝም ብለው ይመጧታል። ቅጠሏ እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር አወጣ፣ ከዚያ ጥላሸት የተቀባ መሰለ። ጉንዳኑ ግንዱ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ኡሙሰልማ ጉንዳኑ እንዳያልፍ ግንዱን ዙሪያውን ግራሶ ቀባችው። ከዚያ ሳሙና በውሃ በጥብጣ፣ ጨርቅ ይዛ፣ ተባዩን አንድ በአንድ ታብስ ጀመር። ሕፃን የምታጥብ ነበር የምትመስለው።

“ጊዜ ብቻ ይስጡኝ፤ ትድናለች” አለችው የግቢውን ሥራ አስኪያጅ።

እሱ ግን ጊዜ አልነበረውም። “ሰኞ እንግዳ አለብን። ይሄን የጠቆረ ዛፍ በር ላይ አላይም። ወይ ይዳን፣ ወይ ይነቀል!” አለ። ሐሙስ ዕለት ከኮምቦልቻ መድኃኒት ይዞ መጣ፤ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ወተት የመሰለ ነገር። ጫት ላይ የሚረጩት ነው፣ ፍቱን ነው አለን። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ጥበቃ ቤት ድረስ መጥቶ ራሴን አዞረኝ።

ኡሙሰልማ አልወደደችውም። ግን ወይራዋ ከምትነቀል ብላ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ረጨች። ቅጠሉ እስኪንጠባጠብ ረጨች። ጉንዳኖቹ ከግንዱ ላይ እየተኮማተሩ ረገፉ። እንዲያ በአንዴ ሲያልቁ አይቼ ደስ አላለኝም። ትንሽ ቆይታ ተባይ የበዛባቸውን ቅርንጫፎች ቆረጠች። “ይህ ይቃጠላል፣ ጋሽ መኳንንት” አለችኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ጠራት። አበባው ውሃ ይጠጣ፣ ደረጃው ይታጠብ እያለ አጣደፋት። እጇ የለመደውን አደረገ። ያንኑ የተረጨ ቁራጭ በቃጫ አሠረችና በሩ ሥር አስቀምጣ ሮጠች። አመሻሽ ላይ ሳሊሃ መጣች። እኔም የለመድኩትን አደረግሁ፤ እንዴት አመሸሽ ብዬ እስሩን አንስቼ አሸከምኳት።

አርብ የጁምዓ ሰዓት ሲቃረብ ከወይራዋ ሥር ሁለት የጎረቤት ዶሮዎች ሞተው አገኘን። ኡሙሰልማ ዶሮዎቹን አየች። ቀጥላ በሩ ሥር አየች።

“ቁራጩስ?”

“ሳሊሃ ወሰደችው” አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ።

“ያ ረቢ! አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ነው!” ብላ ወጣች። በሩን ክፍት ጥዬ ተከተልኳት። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድነው አላውቅም፤ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው ባየሁ ቁጥር ከሳሊሃ የገዛው ይመስለኝ ነበር።

ሳሊሃ መስጊዱ በር ላይ ማዳበሪያዋን አንጥፋ፣ በሻርፗ ጫፍ አፏን ይዛ ተቀምጣለች።

“ሳሊሃ፣ የትናንቱን አትሽጪ! መርዝ ተረጭቶበታል፣ እኔው ነኝ የረጨሁት!” አለቻት ኡሙሰልማ።

ሳሊሃ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷ የቀረውን መፋቂያ ሰብስባ ከማዳበሪያው ሥር ከተተችው።

“የሸጥኩት አራት ነው” አለች ቀስ ብላ። “ሦስቱ እዚያ ውዱእ የሚያደርጉት ናቸው። አንዱን ሸህ ዘይኑልአቢዲን ይዘው ገብተዋል። ሊሰግዱ ሲነሱ ይፍቁበታል። ሂጂ፣ ድረሽላቸው!”

ሦስቱን ለሶላት የሚታጠቡበት ውዱእ ቦታ አገኘናቸው። ሁለቱ ገና አልነኩትም፤ ሦስተኛው መሮት ጥሎታል፤ አፉን ደጋግሞ እንዲጉመጠመጥ አደረግነው። ሸሁ ግን ውስጥ ናቸው፣ የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባውም ተጀምሯል። በዚያ ሰዓት አጠገብህ የሚያወራውን ሰው ዝም በል ማለት እንኳ አይፈቀድም። እኔ ለቤቱ እንግዳ ነኝ፤ የትኞቹ ሸህ እንደሆኑም አላውቅም። ኡሙሰልማ ጫማዋን አውልቃ በወንዶቹ በር ገባች።

“ሸህ ዘይኑልአቢዲን! መፋቂያውን አፍዎ እንዳያስገቡት፣ መርዝ አለው!”

ድምጿ ከጣሪያው ተጋጭቶ ተመለሰ። ኢማሙ ኹጥባውን አቋረጡ፣ ያ ሁሉ ወንድ ዞረ። ከፊተኛው ረድፍ አንድ አዛውንት ከደረት ኪሳቸው መፋቂያ አወጡ። ጫፉ አልታኘከም። በመሐረብ ጠቅልለው በሰው እጅ ላኩላት።

ኡሙሰልማ ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። “አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተነካ” አለች። እኔም በበኩሌ ጌታዬን አመሰገንኩ። ከዚህ በኋላ ወይራ ሳይ እሸሻለሁ ብዬ ቀለድኩባት፣ እያለቀሰች ሳቀች። እንደዚያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ለሳሊሃ ልንነግራት ተመለስን። ግድግዳውን ተደግፋለች። ነፋሱ ይበርዳል፣ እሷ ግን ላብ አጥምቋታል። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፤ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክላለች።

ባጃጅ አስቁሜ አንስተን አስገባናት። ኡሙሰልማ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገች።

“አንቺ ፍቀሽበታል? ሳሊሃ፣ ንገሪኝ!”

“ልጡን በጥርሴ አይደል የምልጠው” አለች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። “ትናንት ሁሉንም ላጥኩት።”

“ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ሸሁስ?”

“ደህና ናቸው። አልነኩትም።”

ሳሊሃ ዓይኗን ከደነች። “ብነግርሽ ጥለሽኝ አትሄጂማ” አለች።

ሐኪም ቤቱ በር ሳንደርስ ሞተች።