እትዬ ዙልፋ ሰፍረው የገዙት ታብሌት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ማሾ ነግዶ እትዬ ዙልፋን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲገዙና ሲሸጡ አንድም ጆንያ ከላይ ብቻ አይተው ተቀብለው አያውቁም። ሹል የናሙና ብረታቸውን ከጆንያው ሆድ ይሰዱና ፍሬውን ከመሃል ያወጣሉ። ከላይ ጥሩ ማሾ፣ ከሥር አፈር የሚጨምር ሰው እሳቸው ሲመጡ ካየ ጆንያውን አንሥቶ ይሄዳል ይባላል። እኔ ግን ይህን ስሰማ እስቅ ነበር፤ ሰው እንዴት እንዲህ ሰው አያምንም ብዬ። እኔ አንዋር ነኝ። አስፋልቱ ዳር ስልክና ታብሌት እሸጣለሁ። ቶሎ የምቆጣ፣ ዕቃዬ ሲነቀፍ የማልወድ ሰው ነኝ።

መጋቢት ላይ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ወር ሲቀረው፣ ልጃቸውን ሩዋይዳን አስከትለው ሱቄ ገቡ። ሰላምታው ሳያልቅ «ለዚች ልጅ ታብሌት ፈልግላት» አሉኝ። እነሱ ቀበሌ ኔትወርክ አንድ ቀን ከመጣ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሁሉ ታብሌቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሩዋይዳ እስካሁን የምታጠናው በእናቷ ስልክ ነው፤ እሱ ደግሞ ወዲያው ይሞላል።

«ኬሚስትሪ ለማስገባት ፊዚክስን አጠፋሁ» አለችኝ። «ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ኬሚስትሪውን።»

እንዲህ እያጠፋች ከሄደች ፈተናው ቀን ምን ይዛ እንደምትገባ አላህ ይወቅ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ማስረዳት ጀመርኩ። «መጽሐፉ ብዙ ቦታ አይፈጅም እትዬ። ቦታ የሚበላው የአስተማሪዎቹ ቪዲዮ ነው። ሠላሳ ሁለት ጊጋ አይበቃትም፤ ታብሌቱ ራሱ ለገዛ ሥራው የሚይዘው አለ።»

«ጆንያውም ይመዘናል ማለት ነዋ» አሉ።

ይህን ለሌላው ደንበኛ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። «እንደዚያ ነው። ስድሳ አራት ይበቃታል። ግን ይኸው፣ መቶ ሃያ ስምንት! ዋጋው ከስድሳ አራቱ ያነሰ ነው። ባለፈው ወር ካመጣኋቸው አምስት ውስጥ ሦስቱን ተማሪዎች ወስደዋቸዋል።»

ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። «እስቲ ሰፍረህ አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«መቶ ሃያ ስምንቱን። ሙላውና ልየው።»

ታብሌቱን ከፍቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው። አላዩትም። «ጆንያ ላይም መቶ ኪሎ ተብሎ ይጻፋል። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን ነው፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። በእልህ ላፕቶፔን ሰክቼ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ትምህርት በሙሉ እጭን ጀመር። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን መቁጠር ያዙ። ወሬው ደጅ ወጥቶ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ «ታብሌት እየተሰፈረ ነው» እያሉ በሱቄ በር ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። በዚያ ሙቀት ላይ የእነሱ ሳቅ ተጨምሮ ላብ በላብ ሆንኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶ አለቀ፤ የትምህርቶቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

«አዩ?» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ከመሃል ክፈት» አሉ።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ ሩዋይዳ ከፈተችው፤ ሠራ። የመሃሉን ነካችው፤ አልተከፈተም። የመጨረሻውንም ነካችው፤ እሱም እንደዚያው። ብንመረምረው ከአሥራ ሁለት ጊጋ በላይ የገባው ሁሉ ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ካርቶኑም፣ ታብሌቱም ላይ የሚታየው ቁጥር ውሸት ነበር። ዋጋው ለምን እንደረከሰ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ወላሂ አላወቅኩም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ብታውቅማ ሙላ ስልህ አትሞላውም ነበር።»

ስድሳ አራቱን ሞላነው። ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከሥርም ተከፈተ፤ ቦታም ተረፈው። ሩዋይዳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ነገሩ አለቀ ብዬ ሳስብ እትዬ ዙልፋ ከበርጩማው አልተነሡም።

«ሦስቱ የት ናቸው?»

«የትኞቹ ሦስቱ?»

«የሸጥካቸው። እኛ ዘንድ አንድ ጆንያ አፈር ከተገኘበት ጭነቱ በሙሉ ይገለበጣል።»

«አንዳቸውም መጥተው አልከሰሱኝም» አልኩ። ይህን በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ።

«የኔ ልጅ ብቻ ናት ተማሪ?»

ደወልኩ። ሁለቱ እዚሁ ከተማው ውስጥ ስለነበሩ መጥተው ቀየርኩላቸው። ሦስተኛዋ ናጅዋ የምትባል የካራቆሬ ልጅ ናት፤ ስልኳን አታነሣም። ነገ እሞክራለሁ ስል እትዬ ዙልፋ ነጠላቸውን አስተካክለው «ሚኒባስ አለ» አሉ። ሌላ ስድሳ አራት ሞልቼ ያዝኩና ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ምን ምርጫ አለኝ?

ካራቆሬ ቤታቸውን አፈላልገን ስንደርስ የናጅዋ አባት ሱሌይማን በደስታ ተቀበለን። ናጅዋ ግን እኔን ስታይ ክው አለች። እትዬ ዙልፋ ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ታብሌቱን ከልብስ ሣጥን ሥር፣ በሻርፕ እንደተጠቀለለ አወጣችው።

«አበላሽቼዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ከሁለተኛው ምዕራፍ ወዲያ አይከፈትም። አባዬ ጊደራችንን ሸጦ ነው የገዛልኝ። እባካችሁ እንዳትነግሩብኝ።»

ሙሉ ወር አባቷ ባለፈ ቁጥር ያንኑ ሁለት ምዕራፍ እየከፈተች የምታጠና መስላ ትታይ ነበር።

እትዬ ዙልፋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሱሌይማን! ና እዚህ!» ብለው ተጣሩ። ልጅቱ ፊቷን በሻርፑ ሸፈነች። አባቷ ሲመጣ ወደኔ ዞረው «በል ንገረው» አሉኝ።

«ልጅህ ምንም አላጠፋችም» አልኩት። «ሲጀመር የማይሠራ ዕቃ የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ። ይኸው ደህናውን አምጥቻለሁ፤ ትምህርቱም ሞልቶበታል።»

ሱሌይማን እኔን ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ልጁን ነው የያዘው። «ወር ሙሉ ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ?» ብሎ እቅፍ አደረጋት። ናጅዋ ከአባቷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ «አላበላሸሁትም?» አለችኝ።

«አላበላሸሽውም።»

አዲሱን ታብሌት ከመንካቷ በፊት ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ መለስኩላት።