ከጎብዬ እስከ ዋጃ በሩጫ

በዋዜማው ከቆቦ ወደ ጎብዬ የሄድኩት በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ነው። ዓላማዬ በማግስቱ ከጎብዬ ተነሥቼ፣ ቆቦን አልፌ፣ ዋጃ ደርሼ፣ ቆቦ ወዳለው ቤቴ በሩጫ መመለስ ነበር። ሁሉም ሲደመር ከማራቶን ይረዝማል። በውጭ አገር እንዲህ ያለ ሩጫ እንዳለ ያነበብኩት ስኳር በተጠቀለለበት የመጽሔት ቅዳጅ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቅ አለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኛል። ዘንድሮ ካልሞከርኩት መቼም የምሞክረው አልመሰለኝም።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አሠልጣኝ የሚባል ነገር አላውቅም። ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ስሮጥ ከርሜ ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛው አለመቆም ነው፤ ከቆምኩ እግሬ ይታሰራል። ሁለተኛው አለመናገር ነው፤ አፌን ከከፈትኩ ትንፋሼ ይበተናል። በእነዚህ ሁለት ሕጎች በጣም እኮራ ነበር።

የሚያሰጋኝ ከእግሬ ይልቅ ዘመኑ ነበር። ደርግ ነው፣ ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነው፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም። የቀበሌው ጸሐፊ ጉዳዬን ሲጠይቀኝ «ስፖርት» ስለው ሳቀብኝና «ለቤተሰብ ጥየቃ» ብሎ ጻፈልኝ። ሌሊቱን እህቴ ቤት ተኝቼ ያንን ውሸት የያዘ ወረቀት ደጋግሜ ስዳብሰው አነጋሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጎብዬ

እህቴ በሶ ቋጠረችልኝ። ሦስቱን በአሥር ሳንቲም የገዛኋቸውን ሎሚዎች ኪሴ ከትቼ በሸራ ጫማ ተነሣሁ። ማሽላው ፍሬ ይዟል። ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ገበሬ ወንጭፉን አውርዶ «ማነው ያባረረህ?» ብሎ ጮኸብኝ። መልስ ሳልሰጠው ሮጥኩ።

ቆቦ ኬላ ላይ ግን ሕጌ አልሠራም። ጠብመንጃ ያነገተው ጠባቂ አስቆመኝ።

«ከማን ነው የምትሸሸው?»

«ከማንም። አስተማሪ ነኝ።»

ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ ቁምጣዬንም አየ። «ቤተሰብ የሚጠየቀው እንዲህ ሆኖ ነው?» አለና ለቀቀኝ። ከኬላው ርቄም ቢሆን ደጋግሜ ወደ ኋላ እዞር ነበር።

ረፋዱ ላይ፣ ወደ ዋጃ

ከቆቦ በኋላ የቆላው ፀሐይ በረታ። ጨው የጫኑ ግመሎችን አለፍኩ። ዋጃ ሊታይ ሲል ከመንገዱ ዳር ካሉት ጥቂት ቤቶች ፊት አንዲት እናት ውሃ ይዘው ቆመው አየሁና አፌን በእጄ አሳየኋቸው። በቅል ሰጡኝ። እግሬን ከመሬት እያነሣሁ እየጣልኩ ጠጣሁ።

«ከቆቦ ነው የመጣኸው፣ ልጄ? ከቢሮ ነው?»

ከቆቦ ነውና ራሴን ነቀነቅኩ።

«ወሬ ይዘህልኝ ነው?»

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩና ሮጥኩ። ቃል አልተነፈስኩም። ዋጃ ስደርስ የመጀመሪያውን ቤት ግድግዳ በመዳፌ መታሁና ተመለስኩ። እግሬ ገና ጉልበት ነበረው፤ ያን ቀን ያለ ስጋት ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስመለስ ያ ውሃ የጠጣሁበት ደጅ በሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ። ወንዶቹ ከግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ቆመዋል። ውሃ የሰጡኝ እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መንገዱ መሐል ገብተዋል። ቆምኩ።

«አሁን ተናገር፣ ልጄ። ሰይድ ነው፣ አይደል?»

«ሰይድ ማነው?»

ከግራሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ ሸህ አሊ ይሏቸዋል። «የዘሀራ አንድያ ልጅ ነው፤ ከዘመተ ሁለት ዓመቱ። ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ። በእኛ አገር መንገድ ላይ የማይቆም፣ ሲጠይቁት የማይናገር መርዶ የያዘ ሰው ነው። የዘማች መርዶ የሚላከው ከቆቦ ቢሮ ነው፤ አንተ ደግሞ ከቢሮ ነህ ወይ ስትባል ራስህን ነቅንቀህ፣ ደረትህን ይዘህ ሄድክ። ሊያረዳት መጥቶ ወኔ አጣ አልን።»

«እማማ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ወሬም የለኝም። ለራሴ ነው የምሮጠው።»

«ለራስህ? የሚያባርርህ ሳይኖር?»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

«ማርያምን!»

«ታዲያ ስጠይቅህ ምነው ዝም አልህ?»

«ትንፋሼ እንዳይቋረጥ ብዬ» አልኳቸው። ይህን ስናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማማ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አፈሩ ላይ ተቀመጡና ያን ሁሉ ሰዓት የያዙትን እንባ ለቀቁት። ከዚያ ተነሥተው ወተት አመጡልኝ። «ጠጣ፣ አንተም ደንግጠሃል» አሉኝ። ተቀምጬ ጠጣሁ፤ እግሬም እንደፈራሁት ታሰረ።

ስሰናበታቸው እጄን ያዙ።

«ከእንግዲህ ስትሮጥ ባይህ ለራሱ ነው እላለሁ፤ አልሰጋም። ምናልባት አንድ ቀን እውነተኛውን መርዶ ካስያዙህ ግን እንዳትሮጥብኝ። ቀስ ብለህ ተራምደህ ና። ያኔ ገና ከሩቅ አውቀዋለሁ።»

ሄድ ብዬ ዞር ስል እዚያው ቆመው ያዩኛል። ጭኔ እንደ እንጨት ደርቋል፤ መራመድ እንጂ መሮጥ የሚችል አልነበረም። ጥርሴን ነክሼ መንገዱ እስኪታጠፍ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ እያነከስኩ በእግሬ ተጓዝኩ።

10 ሰዓት፣ ቆቦ

ኬላው ላይ ወረቀቴን የጠየቀኝ የለም። ባለቤቴ እግሬን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፈች «ጨረስከው?» አለችኝ። አልጨረስኩትም አልኳት፤ ስለ ሩጫው ከዚያ በላይ አላወራሁም።

ሁለቱን ሕጎቼን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቻለሁ። የሚያናግረኝ ሰው ካለ ቆሜ ሰላም እላለሁ፤ ሲደክመኝም እራመዳለሁ። ሰይድ እስካሁን አልጻፈም። ወደ ዋጃ በሮጥኩ ቁጥር እነዚያ ቤቶች ገና ብቅ ሲሉ «ለራሴ ነው!» ብዬ እጮሃለሁ፤ እማማ ዘሀራም «አብሽር!» ይሉኛል። በእሳቸው ደጅ ግን፣ የቱንም ያህል ቢደክመኝ፣ ተራምጄ አላውቅም።