ለመንኮራኩሩ የተዘጋ ሰማይ

ኩልፓሽ በካዛክስታን ሜዳ መሃል ባለች የመዳብ ማዕድን ከተማ የበረራ ተቆጣጣሪ ሆና ስትሠራ ጠጉሯ ሸበተ። ከጠፈር የሚመለሱ ሰዎች ወደ ምድር የሚወርዱት በእሷ ሰማይ በኩል ነው። የእሷ መባሉ እንኳ ለወሬ ነው። እነሱ በመጡ ቀን ሰማዩ ለሌላ አውሮፕላን ሁሉ ይዘጋል፤ የሚከፈተውም ከላይ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲደወል ብቻ ነው። የጠፈርተኞቹን ድምፅ በሬዲዮ ትሰማለች፤ መልስ መስጠት ግን ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስትሰማቸው አንድ ቀን «እንኳን ደህና ገባችሁ» ብላቸው አታውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት መንኮራኩሩ በዣንጥላ ተንጠልጥሎ ሲወርድ፣ ዬርቦላት የሚያበርራት የሕመምተኛ ማመላለሻ አውሮፕላን ከተዘጋው ሰማይ ዳር ደረሰች። የጫነው የአንድ ፈረስ አርቢ ሚስት ነው። ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏታል። ሆስፒታሉ ከወዲያ ማዶ ነው።

«ኩልፓሽ እህቴ፣ አሳልፊኝ።»

«ዝግ ነው። እዚያው ዙር።»

«ካስማ ላይ እንደታሰረ ፈረስ ስዞር ልዋል እንዴ?»

ወዲያው በሌላው ሬዲዮ የጠፈርተኛው ድምፅ መጣ። «መሬት ነክተናል። ሁላችንም ደህና ነን።» አጠገቧ የተቀመጠው አለቃዋ ሙራትካንም ሰማ።

«ወረዱ እኮ። ልክፈትለት?»

«ተደወለ እንዴ?»

«በጆሮህ ሰማህ አይደል?»

«የሚያዘኝ ስልኩ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም፣ ኩልፓሽ።»

ማይክሮፎኑ እጇ ላይ ነው። አውራ ጣቷ ቁልፉን ነክቷል። አልተጫነችውም። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም፤ ስልኩን ብቻ ታያለች።

ባዶ ሰማይ ዘበኛ ምን ያደርግለታል? ከጠፈር የመጡት ሣር ላይ ተቀምጠው ፖም ይገምጣሉ፤ አንዲት አራስ ደግሞ ምንም በሌለበት ሰማይ ደጅ ደሟ ያልቃል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰውዬ እናት አልነበረችውም?

ዬርቦላት ዞረ። አንዴ «እጇ እየቀዘቀዘ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ መዞሩን ቀጠለ።

ስልኩ ጮኸ። ኩልፓሽ ቁልፉን ተጫነች። «መንገዱ ክፍት ነው፤ እለፍ።»

«እሺ» አላት። «ከእንግዲህ አያስቸኩልም።»

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ዛውሬ ደጃፉ ላይ እየጠበቀቻት ነበር። በዚያ አገር ምሥራች ያመጣ ሰው ስጦታ ሳይቀበል አይመለስም።

«ምሥራች! ምሥራች! የሰማይ እንግዶች በሰላም ወረዱ! አሁን በቴሌቪዥን አሳዩአቸው። በይ ስጪኝ፣ ባዶ እጄን አልሄድም!»

ኩልፓሽ የአንገቷን ሻርፕ ፈትታ ሰጠቻት።

«ውይ በሞትኩት! ይሄን የሐሩን? ስቀልድ ነው እኮ!»

«ውሰጂው። ወጉ ነው።»

ዛውሬ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የኩልፓሽን ፊት አየች። «ምነው ቀዘቀዝሽ? እዚያው ውለሽ አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ኩልፓሽ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «ካንቺም ቀድሜ፣ ከስልኩም ቀድሜ ሰምቻለሁ።»