ሳቂው ሬሳ

ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ተክለአብን የማያውቅ አበሻ የለም። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰው የሚያነሳቸው ግን በሹፍርናቸው ሳይሆን «ሳቂው ሬሳ» እያለ ነው። ሰው መቼም ስም ለማውጣት አይሰንፍም!

ነገሩ የጃንሆይ ጊዜ ነው። የአገር ልጅ የሠራው ፊልም ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ወጣቱ ተክለአብ አዲስ አበባ በተሠራ ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ ሆነ። መጨረሻው ላይ ጀግናው ይሞትና እጮኛው ሬሳው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ከሞቱ አሟሟቱ፣ ሬሳው ፈገግ አለ! ዳይሬክተሩ ወንድይራድ ጉዱን ያየው ፊልሙ ታጥቦ ከመጣ በኋላ ነው፤ እንደገና እንዳይቀረጽ ጥሬ ፊልሙ አልቋል። ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ተክለአብን ለትወና የጠራው የለም። «ምን ነክቶህ ነው?» ሲባል ወሬ ይቀይር ነበር።

እጮኛውን ሆና የተጫወተችው ሮማንወርቅ ኋላ ሚስቱ ሆነች፤ አብራው ተሰደደች፤ አምና ለንደን ላይ አረፈች።

ዘንድሮ ልጃቸው አዲያም ፊልሙን ፈልጋ አገኘችና ለሰው ልታሳየው የአበሻ ኮሚዩኒቲውን አዳራሽ ቡክ አደረገች። ምስሉ ደህና ነው፤ ድምፁ የተቀዳበት ክር ግን ጠፍቷል።

«አባዬ፣ ማይክ ይዘህ ንግግሩን አንተ ትለዋለህ» አለቻቸው።

ጋሽ ተክለአብ ጨነቃቸው። በእሳቸው መሳቁንስ ለምደውታል፤ የሮማንወርቅ እንባ ላይ ሲሳቅ ግን፣ ያውም ከሞተች በኋላ፣ እንዴት ይችሉታል? ቢሆንም የልጅ ነገር ሆነባቸውና እሺ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። የሁሉንም ንግግር አሳምረው አሉት። ለቅሶው ሲደርስ ከኋላ ሳቅ ተጀመረ። ጋሽ ተክለአብ ፊልሙን አስቆሙ።

«ድምፅ የሚገባው ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር» አሉ። «ስንቀረጽ የፈለግነውን ብናወራ የሚሰማን የለም። እሷ እንባዋን እያፈሰሰች ጆሮዬ ሥር ምን ትላለች መሰላችሁ? ‹ለአባቴ ሽማግሌ ትልካለህ አትልክም? የማትልክ ከሆነ እውነትም እንደሞትክ ቅር!›»

አዲያም እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገርክም?» አለች።

«ያን ጊዜ ሴት ልጅ ራሷ ጠየቀች ቢባል በእሷ ነበር የሚሳቀው» አሉ ጋሽ ተክለአብ። «በእኔ ይሳቁ ብዬ ነው።»